ፍሬን ሲያዝ ሁለቱም ቀይ አምፖሎች እንዲበሩ ማድረግ ይቻላል? ይቻላል፤ በአንዲት ሽቦ ግን አይደለም

ጥያቄ፦ «ደብል ጋቢና ፒክአፕ አለኝ። ከኋላ ተገጭቼ ሁለቱንም የኋላ መብራቶች ከሶማሌ ተራ በገዛኋቸው ቀየርኩ። በእያንዳንዱ ጎን፣ ከፍሬቻውና ከኋላ ማርሽ መብራቱ ሌላ፣ ላይና ታች ሁለት ቀይ ክፍሎች አሉ። ማታ መብራት ሳበራ ሁለቱም ይበራሉ። ፍሬን ስይዝ ግን የሚደምቀው የላይኛው ብቻ ነው፤ የታችኛው ቀን ላይ ጭራሽ አይበራም። በተለይ ጣርማ በር አካባቢ በጭጋግ ውስጥ ስነዳ ከኋላዬ የሚመጣው መኪና የሚያየኝ አይመስለኝም። አንድ ጓደኛዬ ከላይኛው አምፖል ወደ ታችኛው አንዲት ሽቦ መሳብ ይበቃል ብሎኛል። ትክክል ነው?»

መልስ፦

የጓደኛዎ ሽቦ የታችኛውን አምፖል ያበራዋል። ችግሩ እሱን ብቻ አለማብራቱ ነው።

የላይኛውን አምፖል አውጥተው ይመልከቱት። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክሮች አሉት፤ ከታቹ ደግሞ ሁለት ነጠብጣብ መገናኛዎች። ብረቱ ላይ 21/5 ዋት የሚል ጽሑፍ ይኖራል። 5 ዋቷ ክር ማታ የምትበራው ደብዛዛ ቀይ ናት፤ 21 ዋቷ ፍሬን ሲያዝ ትበራለች። ቁጥሮቹን አይተው ልዩነቱ አራት እጥፍ ገደማ ነው ብለው እንዳያስቡ። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ጤነኛ አምፖል በትንሿ ክር 35 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ በትልቋ 440 ሉመን ይሰጣል፤ ከአሥራ ሁለት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የታችኛው አምፖልዎ ግን፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ ባለ አንድ ክር 5 ዋት ነው፤ የተገናኘውም ከፓርኪንግ መስመር፣ ማለትም ማታ ከሚበሩት ደብዛዛ መብራቶች መስመር ጋር ብቻ ነው።

የፓርኪንግ መስመር ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ያለው መስመር ነው። የታርጋው መብራት፣ የፊት ፓርኪንግ፣ የዳሽቦርዱ መብራት፣ የሬዲዮው ቁልፎች ሁሉ ከእሱ ነው የሚቀበሉት። ሁለቱን መስመሮች በሽቦ ካገናኟቸው በጠራራ ፀሐይ ፍሬን በያዙ ቁጥር ዳሽቦርዱም፣ ታርጋውም፣ የፊት ፓርኪንጉም አብረው ይበራሉ። ይህ ለሳቅ የሚሆን ጥፋት ነው። የማያስቀው ማታ የሚሆነው ነው። የፓርኪንግ መብራት ሲያበሩ ኤሌክትሪኩ በዚያችው ሽቦ ወደ ፍሬን መስመር ተመልሶ ይገባና 21 ዋቶቹ ክሮች እግርዎ ፔዳሉ ላይ ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ ይበራሉ። ከኋላዎ የሚመጣው ሹፌር ገና ከሩቅ ፍሬን የያዙ ይመስለዋል፤ እውነት ፍሬን ሲይዙ ደግሞ ምንም ለውጥ አያይም። በዚህ ላይ የፍሬኑን ምልክት የሚያዳምጡት አምፖሎች ብቻ አይደሉም። አውቶማቲክ መኪና ከፓርክ ለመውጣት ፍሬን መያዙን የሚያረጋግጠው፣ ፍጥነት መቆጣጠሪያው (ክሩዝ ኮንትሮል) የሚቋረጠው፣ የሞተሩ ኮምፒውተርም ሹፌሩ ሊያቆም መሆኑን የሚያውቀው በአብዛኛው ከዚያው መስመር ነው። ለእነሱ ሌሊቱን ሙሉ ውሸት እየነገሩ መንዳት ጥሩ አይደለም።

«ታዲያ ዳዮድ ብናስገባበትስ?» የሚል ባለሙያ ያጋጥምዎታል። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ የሌሊቱን ጣጣ ያስቀራል፤ ሁለት ዳዮድ ካደረጉና የፓርኪንጉን ሽቦ ቆርጠው በአንደኛው በኩል ካሳለፉ የዳሽቦርዱም ትርኢት ይቀራል። ግን አንድ ነገር ያስቡ። የታችኛው አምፖል አንዲት 5 ዋት ክር ብቻ ነው ያለችው። ማታ ቀድሞውኑ በሙሉ ኃይሏ በርታለች። ፍሬን ሲይዙ ከየት አምጥታ ትድመቅ? እንዲያውም ዳዮዱ ራሱ 0.7 ቮልት ገደማ ስለሚበላ ብርሃኗን በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሰዋል። ቀን ላይ ደግሞ 35 ወይም 50 ሉመን በአቧራማ ቀይ ፕላስቲክ ውስጥ አልፎ ለፀሐይ ምንም አይለውጥም። ስለዚህ ሽቦውም ዳዮዱም በቀን የማይታይ፣ በሌሊት የማይለወጥ አምፖል ነው የሚሰጡዎት።

የፍሬን መብራት ሥራው ደምቆ መታየት ይመስላል፤ ነገር ግን የኋለኛውን ሹፌር እግር የሚያነቃው ድምቀቱ ከቅድሙ መለየቱ ነው። ደንብ የሚያወጡትም የሚጨነቁት ለዚህ ልዩነት ነው። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች የኋላ ፓርኪንግ ዝቅተኛው መጠን 4 ካንዴላ (በአንድ አቅጣጫ የሚታይ የድምቀት መለኪያ) ሲሆን የፍሬን መብራት ደግሞ 60 ካንዴላ ነው። የአሜሪካው ደንብም ሁለቱ በአንድ ቤት ሲጣመሩ በመካከለኛው ነጥብ ላይ ፍሬኑ ከፓርኪንጉ ቢያንስ አምስት እጥፍ እንዲደምቅ ያዛል። በመኪናዎ ላይ ለውጥ ባደረጉ ቁጥር ራስዎን የሚጠይቁት «ስንት አምፖል በራ?» ከሚለው ይልቅ «ፓርኪንግ በርቶ ፍሬን ሲያዝ ምን ያህል ተለወጠ?» የሚለውን ይሁን።

በነገራችን ላይ የጓደኛዎ ሽቦ ማንም ሳይስባት በብዙ መኪኖች ላይ አለች። አንድ ደንበኛ ፍሬን ስይዝ ዳሽቦርዱ ይበራል ብሎ መጣ። ከእኔ በፊት ሁለት ቦታ አይቶ ነበር፤ አንደኛው ጋ የመብራት ማብሪያውን ቀይረውለታል። እኔ ያገኘሁት ባለ ሁለት ክር አምፖል በሚገባበት ፖርታላምፓዳ (የአምፖል መያዣ) ውስጥ በጉልበት የተጠቀጠቀ ባለ አንድ ክር አምፖል ነበር። የባለ ሁለት ክሩ አምፖል ጎን ላይ ያሉት ሁለት ጉጦች አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ ነው፤ ተገልብጦ እንዳይገባ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የባለ አንድ ክሩ ጉጦች እኩል ናቸው፤ መካከል ላይ ያለችው አንዷ ሰፊ ነጠብጣብ ደግሞ ሁለቱንም የፖርታላምፓዳ ምላሶች በአንድ ጊዜ ትነካለች። ያው ያንኑ ሽቦ መሳብ ነው። እርስዎም ምንም ከመቁረጥዎ በፊት አራቱንም ቀይ አምፖሎች አውጥተው ይዩ። የታችኛው ፖርታላምፓዳ ሁለት ምላስ ኖሮት ባለ አንድ ክር ከገባበት፣ ወይም ባለ ሁለት ክር ሆኖ ትልቋ ክር ከተበጠሰች፣ ጥያቄዎ በአንድ አምፖል ዋጋ ተመለሰ ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ የተገኘባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም።

ቀጥሎ የሚመጣውን እባክዎ አይዝለሉት፤ ከጠቅላላው መልሴ ዋናው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የላይኛው አምፖልዎ ራሱ በትክክል እየበራ መሆኑን ያረጋግጡ። የክር አምፖል ብርሃን ከቮልቴጅ ጋር ቀጥታ አይሄድም፤ ቮልቴጁ ጥቂት ሲወርድ ብርሃኑ ብዙ ይወርዳል። በቁጥር ሲታይ፣ 13.5 ቮልት ማግኘት የነበረበት አምፖል 11 ቮልት ብቻ ከደረሰው የሚሰጠው ብርሃን ግማሽ ነው። የዛገ ፖርታላምፓዳ፣ የላላ ግራውንድ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው መስመር) ወይም ተጠማዝሞ በናስትሮ ብቻ የታሰረ ሽቦ 2.5 ቮልት ሊበላ ይችላል። ይህ በድምቀት በኩል ሲቆጠር ከሁለት አምፖል አንዱን እንደ መንቀል ነው።

ለመለካት ሞተሩን ያስነሱና በባትሪው ጫፎች ላይ በቴስተር ያንብቡ፤ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ ይሆናል። ከዚያ አንድ ሰው ፍሬኑን ይያዝልዎና አምፖሉ በቦታው በርቶ ሳለ ከፖርታላምፓዳው ጀርባ በፍሬኑ ሽቦና በግራውንዱ መካከል ይለኩ። ከባትሪው ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ብዙም ካልበለጠ መስመሩ ጤነኛ ነው። ከበለጠ ጥፋቱ በየት በኩል እንደሆነ ለመለየት የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በፖርታላምፓዳው ብረት ላይ ያድርጉ። ቴስተሩ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ ግራውንዱ ታሟል። ፒክአፕ ላይ ይህ የተለመደ በሽታ ነው፤ የጭነት ሳጥኑ በሻሲው ላይ በብሎን የተቀመጠ ሌላ አካል ነው፤ ጭቃውም ውኃውም ያለማቋረጥ የሚረጨው እዚያ ነው። ቶዮታ ከሆነ ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ያለባትን ሽቦ ተከትለው ብሎኑ ጋ ይድረሱ፤ ቀለሙን ብረቱ እስኪታይ ፈግፍገው፣ አጥብቀው፣ ላዩን ግሪስ ይቀቡት። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ሄደው ሲያዩ የአምፖል ልመናዎ ሊቀር ይችላል። ፕላስቲኩ በፀሐይ ከነጣ ወይም ከውስጥ አቧራ ከገባበትም ያው ነው፤ የቆሸሸ መስታወት በተጨማሪ አምፖል አይጸዳም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የታችኛው ይብራልኝ ካሉ፣ ትክክለኛው መንገድ ባለ አንድ ክሩን ፖርታላምፓዳ አውጥቶ በባለ ሁለት ክር መተካት ነው። ሁለት ምላስና ሦስት ሽቦ ያለው ይሁን። ቀድሞ የነበረችው የፓርኪንግ ሽቦ ወደ 5 ዋቷ ክር ትገባለች፤ የፍሬን ምልክት ወደ 21 ዋቷ፤ ሦስተኛዋ ግራውንድ ናት። ሁለቱ ክሮች የሚገናኙት በግራውንዱ ብቻ ስለሆነ መስመሮቹ አይቀላቀሉም፤ ዳዮድም አያስፈልግም። የትኛው ምላስ የየትኛው ክር እንደሆነ በቀለም አይገምቱ። አምፖሉን አስገብተው እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ በ12 ቮልት ይሞክሩ፤ የደመቀችው የፍሬኗ ናት። ተገላቢጦሽ የታሰረ መኪና ማታ ደማቅ ሆኖ ይሄድና ፍሬን ሲያዝ ከነበረው ብዙም አይለወጥም፤ በቅርብ ርቀት ላይ ለሚከተል አደገኛ ነው።

ሙቀቱን ግን ይጠንቀቁ። ለ5 ዋት የተሠራ ትንሽ ቤት 21 ዋት ሊችልም ላይችልም ይችላል። አምፖሉ ከሚወስደው አብዛኛው ወደ ሙቀት ነው የሚለወጠው። ይህን የምናገረው ከፍዬበት ነው፤ በራሴ መኪና ላይ ሳልለካ አስገባሁና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስወርድ፣ እግሬ ከፍሬን ላይ ብዙም ሳይነሣ፣ ደጀን ስደርስ ቀዩ ፕላስቲክ እንደ ሻማ አብጦ አገኘሁት። አምፖሉ ከፕላስቲኩ ቢያንስ የጣት ውፍረት ይራቅ። ሠርተው ሲጨርሱ ፍሬኑን በአንድ እንጨት ደግፈው ሩብ ሰዓት ያህል ያብሩት፤ ከዚያ በእጅዎ መዳፍ ፕላስቲኩን ይንኩ። መዳፍዎ ካልቻለው ፕላስቲኩም ውሎ አድሮ አይችለውም።

አሁን ወደ ፊውዝ። አንድ 21 ዋት አምፖል ሞተር ሲሠራ 1.9 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ቀድሞ ሁለት ነበሩዎት፤ አሁን አራት ሊሆኑ ነው፤ ወደ 7.6 አምፔር። የጋቢናው ሦስተኛ የፍሬን መብራት ባለ 21 ዋት ክር አምፖል ከሆነ 9.5 ይደርሳል። የፍሬን ፊውዝ ብዙ መኪና ላይ 10 ወይም 15 አምፔር ነው፤ የእርስዎ 10 ከሆነ ጫፉ ላይ ቆመዋል። ያም ብቻ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ክር መጀመሪያ ስትበራ ለቅጽበት አሥር እጥፍ ያህል ትጎትታለች፤ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ደግሞ ፔዳሉ ሥር ያለው ትንሽዬ ማብሪያ ነው። «ፊውዙን በ20 ቀይረው» የሚልዎትን ሰው አይስሙ። ፊውዝ የሚመረጠው ለሽቦው ነው፤ ሽቦው ሳይለወጥ ፊውዝ ማሳደግ እሳቱን ከፊውዝ ሳጥኑ ወደ ሽቦው ማዛወር ነው።

መፍትሔው ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ ማለት ነው። እግሮቹ ላይ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። 30 ቁጥር ላይ ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ የመጣ ሽቦ ይግባ፤ ከባትሪው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ 7.5 አምፔር ፊውዝ ይኑረው። 86 ላይ ነባሩ የፍሬን ምልክት፣ 85 ላይ ግራውንድ፣ 87 ላይ ወደ አዲሶቹ አምፖሎች የሚሄደው። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል። የሪሌው መጠምጠሚያ የሚወስደው ከአንድ አምፔር በጣም ያነሰ ስለሆነ ነባሩ መስመር ጭነቱ ተጨመረብኝ አይልም። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ፦ በሪሌው የሚበሩት የተጨመሩት አምፖሎች ብቻ ይሁኑ። አንዳንድ ባለሙያዎች አራቱንም በሪሌው ያሳልፏቸዋል፤ ንጹሕ ሥራ ይመስላል፤ ያቺ አንዲት ሪሌ የተበላሸች ቀን ግን መኪናው ምንም የፍሬን መብራት አይኖረውም። ነባሮቹን በነባር መስመራቸው ይተዋቸው። መጋጠሚያዎቹ በካውያ ይበየዱና በሙቀት በሚሸበሸብ ቱቦ ይሸፈኑ፤ ከጭነት ሳጥን ሥር ናስትሮ ብቻውን ሁለት ክረምት አይሻገርም።

ኤልኢዲ አምፖል ላስገባስ ይሉኝ ይሆናል። ጥቅም አለው። የክር አምፖል እስኪግል ድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚከተልዎ መኪና ይህ አራት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የሚወስደው ኃይልም ትንሽ ስለሆነ የፊውዙ ጭንቀት ይቀራል፤ ሪሌውም ላያስፈልግ ይችላል። ነገር ግን ገበያው ውስጥ ያለው ዕቃ እኩል አይደለም። ርካሾቹ በፓርኪንግና በፍሬን መካከል ያላቸው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከላይ የነገርኩዎት ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ሲገዙ ሻጩን ሁለቱንም በባትሪ አብርቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ከቀይ ፕላስቲክ ጀርባ ቀይ ኤልኢዲ ይምረጡ፤ ነጩ ኤልኢዲ ቀይ ብርሃን በበቂ ስለሌለው ወደ ሮዝ ያደላል። በየሰከንዱ ብልጭ ድርግም የሚለውን ዓይነት ግን ይተዉት። በአንዳንድ ዘመናዊ መኪኖች ላይ የሚታየው የድንገተኛ ፍሬን ብልጭታ በከፍተኛ ፍጥነት በኃይል ፍሬን ሲያዝ ብቻ እንዲሠራ የተገደበ ነው፤ በየመገናኛው ለሚቆም መኪና አይደለም።

ፍሬቻውንና የኋላ ማርሹን መብራት ለፍሬን የመጠቀም ሐሳብ ካለዎት ግን ከአሁኑ ይርሱት፤ የፍሬን መብራት ቀይ ነው። አሜሪካን አገር ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ እዚያ ብዙ ፒክአፕ ፍሬቻውና ፍሬኑ አንድ ቀይ ክር ይጋራሉ፤ ደንቡም ይፈቅዳል። ወደ ኋላ የሚመጣው ሽቦ ሁለቱንም ምልክት ስለሚሸከም ከእሱ ላይ የጨመራችሁት አምፖል ፍሬን ሲያዝ ይበራል፣ ፍሬቻ ሲሰጥ ደግሞ ብልጭ ይላል። የፍሬቻው ፍጥነትም ሊዛባ ይችላል። ከላይ የጻፍኩት በቀጥታ የሚሠራው ፍሬቻው ለብቻው ቢጫ ለሆነ መኪና ነው።

ወደ ጣርማ በር ልመለስ፤ እውነተኛው ጭንቀትዎ እዚያ ስለሆነ። ጭጋግ ውስጥ የሚያስፈራዎት ፍሬን ከመያዝዎ በፊት አለመታየትዎ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የፍሬን አምፖል መጨመር አይረዳም። ለዚህ የተሠራው የኋላ የጭጋግ መብራት ነው፤ አንድ ቀይ፣ ከ150 እስከ 300 ካንዴላ የሚሰጥ፣ ሹፌሩ ሲፈልግ በራሱ ማብሪያ የሚያበራው። የአውሮፓ መኪኖች አላቸው፤ እርስዎም ከጭነት ሳጥኑ ሥር በሹፌሩ በኩል ለብቻው ማስገጠም ይችላሉ። ሲገጠም ከፍሬን መብራቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይራቅ፤ ደንቡ ይህን ርቀት የሚጠይቀው ሁለቱ ደማቅ ቀዮች እንዳይዋዋጡ ነው። ጭጋጉ ሲያልቅ ማጥፋትዎን አይርሱ፤ በጠራ ሌሊት የኋለኛውን ሹፌር ዓይን ያቃጥላል።

ጋቢናው ላይ ሦስተኛ የፍሬን መብራት ከሌለዎት ደግሞ ገንዘቡን እዚያ ላይ ቢያውሉት እመርጣለሁ። አሜሪካ ለአነስተኛ መኪኖች ከ1986 ሞዴል ጀምሮ፣ ለፒክአፕና ለመሰል ቀላል ተሽከርካሪዎች ከ1994 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ አድርጋዋለች። በ1970ዎቹ በታክሲዎች ላይ ሲሞከር ፍሬን ሲያዝ ከኋላ የሚደርሰውን ግጭት በግማሽ ገደማ የቀነሰ መስሎ ነበር፤ ሰው ሁሉ ከለመደው በኋላ በ1998 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት ግምገማ ግን ጥቅሙን 4.3 በመቶ አድርጎታል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ከፓርኪንግ ጋር የማይቀላቀል፣ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከጨለማ ተነሥቶ የሚበራ መብራት ነው፤ ለኋለኛው ሹፌር ዓይን ቅርብ በሆነ ከፍታ ላይ። ከታችኛው አምፖል ይልቅ እሱ ይናገርልዎታል።

የቱንም ቢመርጡ ሥራው ሲያልቅ መኪናውን ማታ ኋላውን ወደ ግድግዳ አዙረው ያቁሙና ይሞክሩ። ምንም ሳይበራ ፍሬን ይያዙ፤ ዳሽቦርዱ ሊበራ አይገባም። ፓርኪንግ ያብሩና ሳይነኩ ይተዉት፤ ከዚያ ፍሬን ይያዙ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ በግልጽ መዝለል አለበት። ብዙ ሰው የሚረሳው የመጨረሻውን ነው፦ ፓርኪንግ በርቶ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ፍሬቻ ሲሰጥ። ፍሬቻው ብልጭ ሲል ቀዩም አብሮ ከተርገበገበ ግራውንዱ አሁንም አልተስተካከለም፤ ወደዚያ ብሎን ይመለሱ።